ገመድ ላይ ሲሆን የሚያብደው ውሻ፦ የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ከሰሜን ሸዋ የደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ አንድ ጉዳይ ላይ ናቸው፦ ጊቢ ውስጥ ጨዋ የሆነው ውሻ ከበር ሲወጣ ለምን ያስቸግራል? አሳጥሬ አቀርባቸዋለሁ።

አንዲት እህት ከደብረ ብርሃን፦ የሁለት ዓመት ወንድ ውሻ አላት። ቀን በሰንሰለት ታስሮ ይውላል። ማለዳ ሥራ ከመግባቷ በፊት ይዛው ስትወጣ የሰፈር ውሻ ባየ ቁጥር ይጮኻል፣ ይጎትታታል፤ አንዴ መሬት ላይ ጥሏታል። አባቷ «ሁለቴ በዱላ በይው፣ ይገባዋል» ይሏታል።

አባትሽን አከብራቸዋለሁ፤ ዱላው ላይ ግን አልስማማም። ገመድ ላይ ሆኖ የሚጮኽ ውሻ ብዙ ጊዜ የፈራ ውሻ ነው። የተፈታ ቢሆን ዞር ብሎ ያልፍ ነበር፣ ወይም ይሸሻል። ያንቺ ግን አንገቱ ተይዟል፣ መሸሻ የለውም። ስለዚህ «እንዳትጠጋኝ» ብሎ ይጮኻል። ያኛው ውሻ መቼም መንገዱን ይቀጥላል። ያንቺ ደግሞ ያባረረው ጩኸቱ ይመስለዋል። በሚቀጥለው ቀን አብልጦ ይጮኻል። በዚህ ላይ ዱላ ሲያርፍበት፣ ሌላ ውሻ በመጣ ቁጥር ሕመም እንደሚመጣ ይማራል። ተደብድቦ ዝም ቢል እንኳ ፍርሃቱ እዚያው አለ። ሳያስጠነቅቅ የሚነክስ ውሻ አንዳንዴ የሚፈጠረው እንዲህ ነው።

መድኃኒቱ ርቀት ነው። ሌላ ውሻ አይቶ ገና ያልጮኸበትን ቦታ ፈልጊ። ሠላሳ ሜትር ሊሆን ይችላል፣ መቶም ሊሆን ይችላል። ደብረ ብርሃን ሜዳ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ዳር ዳሩን ከወጣሽ ውሻ ከሩቅ ይታያል። የራስሽን ውሻ ፊት እዪ። አፉ ግጥም ካለ፣ ጆሮው ወደ ፊት ከቆመ፣ አካሉ ደርቆ ዓይኑን ከተከለ፣ በጣም ቀርበሻል። ወደ ኋላ ተመለሺ።

ርቀቱን ስታገኚ፣ ሌላውን ውሻ እንዳየ ወዲያው ሥጋ ስጪው። ያኛው እስኪያልፍ እየደጋገምሽ ስጪው፤ ሲያልፍ አቁሚ። የተቀቀለ ሥጋ ወይም ጨጓራ ይሁን፣ የባቄላ ፍሬ በሚያህል መጠን ቁረጪው። ከወጥ የወጣ አይሁን፤ ሽንኩርት ውሻን ይመርዛል። ቅደም ተከተሉን አታዛቢ፦ መጀመሪያ ውሻው ይታይ፣ ከዚያ ሥጋው ይምጣ። ከሳምንታት በኋላ ሌላ ውሻ ሲያይ ዞሮ አንቺን ማየት ይጀምራል። ጥቂት እርምጃ መቅረብ የሚቻለው ያኔ ነው። ከጮኸ አትቆጪው፣ ይዘሽው ራቂ።

ገመዱ ሁለት ሜትር ያህል ሆኖ ላላ ይበል። እጅሽ ላይ ጠቅልለሽ ስትወጥሪው እሱም ይወጠራል። ፊት ለፊት አትግጠሙ፤ ውሾች በሰላም ሲቀራረቡ በጎን ዞረው ነው፣ አንቺም ዞር ብለሽ እለፊ። ማለዳ ውሻ በሚሰበሰብበት በሥጋ ቤቶች በኩል መሄዱንም ተዪው። ጊቢያችሁ አጥር ካለው ደግሞ ሰንሰለቱን ፍቱለት። ቀኑን ሙሉ ታስሮ የዋለ ውሻ በማለዳ ግማሽ ሰዓት እንዲረጋጋ መጠበቅ ይከብዳል።

ወንድም ከደብረ ሲና፦ መንገዱ ጠባብና ቁልቁለት ነው፣ ርቀት ከየት ላምጣ ይላል።

«ና እንሂድ» ስትለው አብሮህ ዞሮ እንዲመለስ ጊቢ ውስጥ አስተምረው። መንገድ ላይ ውሻ ሲመጣ ተመለስ፣ ወይም የቆመ መኪና ወይም የሰው በር ጥግ ያዝ። እንዳይተያዩ ማድረግም ይበቃል።

አንድ አባት ከአንኮበር፦ የእርሳቸውና የጎረቤት ውሻ ሲጣሉ በእጃቸው ሊገላግሉ ገብተው ተነክሰዋል። ቁስሉ ትንሽ ነው፣ በአረቄ አጥበውታል፣ ውሻውም የታወቀ ነው። ከአራት ቀን በኋላ የጻፉልኝ ወደፊት እንዴት እንደሚያላምዷቸው ለመጠየቅ ነው።

አባቴ፣ ማላመዱ ይቆየን። ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ይሂዱ። የታወቀ ውሻ ማለት የተከተበ ውሻ ማለት አይደለም። የእብድ ውሻ በሽታ በሰው ላይ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚያድን ሕክምና የለውም። ከዚያ በፊት ግን ክትባቱ ያድናል። ቁስሉ ማነሱ አያዘናጋዎት፣ አራት ቀን ማለፉም አያስቀርዎት። የተነከሰ ሰው ወዲያውኑ ቁስሉን በሳሙናና በብዙ ውሃ 15 ደቂቃ ያጥባል፤ አረቄ ይህንን አይተካም። የነከሰዎት ውሻም ለ10 ቀን ታስሮ ይታይ፣ አይገደል። እባክዎ ይሂዱ፣ ከዚያ ይጻፉልኝ።

ከመሐል ሜዳ፦ ወደ ጓሳ ስሄድ ውሻዬ ይከተለኛል፤ ቀይ ቀበሮ ሲያይ ይሮጥበታል፣ እንዴት ላረጋጋው?

አታረጋጋው፣ ቤት ተወው። ቀይ ቀበሮ የሚኖርበትን የጓሳን የሣር ሜዳ የመንዝ ሰው በራሱ ሥርዓት ጠብቆ ለዛሬ ያደረሰው ነው። ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ ውጭ የትም የለም፤ በአገሪቱ ያለው ሁሉ ተደምሮ ወደ 500 ገደማ ብቻ ነው። ከትልልቅ ጠላቶቹ አንዱ ደግሞ ከውሻ የሚተላለፍ በሽታ ነው። በ1995 እና 1996 ዓ.ም. በባሌ የእብድ ውሻ በሽታ ገብቶ በአንድ ሸለቆ ከነበሩት ቀበሮዎች ከግማሽ በላይ ፈጅቷል። ውሻህ ባይነክሰው እንኳ መሮጡ ያስጨንቀዋል። ውሻህን በየዓመቱ አስከትበው። ይህ ለቀበሮውም፣ ለልጆችህም ነው።

ቢኮላሽ መጣላቱን ይተዋል ወይ?

ከወንድ ጋር መጣላቱን ሊቀንስ ይችላል፣ በፍርሃት መጮኹን ግን ላያስተወው ይችላል። የእንስሳት ሐኪም ጠይቅ።

ቡችላዬ ሁለት ወሩ ነው፣ መቼ ልጀምር?

አሁን። ክትባቱ እስኪሟላ ታቅፈሽው ውጪ፣ ሌሎች ውሾችን ከሩቅ ይይ። የተከተበ ጨዋ ውሻ ያለው ዘመድ ካለሽም ጊቢው ውሰጂው። በዚህ ዕድሜው በሰላም ያየውን ሲያድግ ብዙ ጊዜ አይፈራውም። የእብድ ውሻ ክትባቱን ሦስት ወር ሲሞላው አትርሺ።

ከሸዋ ሮቢት፦ ከሰዓት በኋላ ስወጣ ምላሱን አውጥቶ አልሄድም ይላል።

ሙቀቱ ነው። ንጋት ላይ ወይም ፀሐይ ስትጠልቅ ውጡ። አስፋልቱ መዳፍህን ካቃጠለው የእሱንም እግር ያቃጥላል።