ከባሕር ላይ የነዳጅ ማውጫዎች ስለሚያመልጠው ሚቴን፦ ከድሬዳዋ ለመጡ ጥያቄዎች መልስ

ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ተወልጄ ያደግሁ ኢንጂነር ነኝ፤ ሥራዬ ባሕር ላይ ከተተከሉ የነዳጅና የጋዝ ማውጫዎች የሚያመልጠውን ሚቴን፣ ማለትም የተፈጥሮ ጋዝ ዋና ክፍል የሆነውን ጋዝ፣ መለካት ነው። የአገሬ ልጆች የጠየቃችሁኝን ከነመልሱ አቅርቤዋለሁ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ድሬ ባሕር የላት፤ ጉዳዩ እኛን ምን አገባን?

መልስ፦ ሚቴን በ20 ዓመት ስሌት እኩል ክብደት ካለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ80 ጊዜ በላይ ምድርን ያሞቃል። የድሬን ሙቀት ለእናንተ አልነግርም። ደግነቱ አየር ላይ የሚቆየው 12 ዓመት ገደማ ብቻ ነው፤ ዛሬ ከተቀነሰ ለውጡን በዕድሜያችን እናየዋለን።

ጥያቄ፦ ከየት ነው የሚወጣው?

መልስ፦ ጋዙን ጨምቆ ከሚገፋው ማሽን (ኮምፕሬሰር) ማሸጊያ፣ ከቫልቭ፣ ከታንክ፣ ሆን ተብሎ ሳይቃጠል ከሚለቀቅ ጋዝ። ትርፍ ጋዝ ከሚነድበት ከማቃጠያው ማማም ጭምር።

ጥያቄ፦ አቦ፣ እሳቱ እየነደደ እንዴት ያመልጣል?

መልስ፦ ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። ኩባንያዎች ማማው ከሚደርሰው ጋዝ 98 በመቶውን ያቃጥላል ብለው ያሰላሉ። በ2022 የታተመ ጥናት አሜሪካ ውስጥ የየብስ ማውጫዎችን በአውሮፕላን ሲለካ ያገኘው ግን 91 በመቶ ገደማ ነው። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ የሚያመልጠው ግን ከ2 ወደ 9 በመቶ ዘለለ ማለት ነው፣ ከአራት እጥፍ በላይ። እሳታቸው ጠፍቶ ጋዙን እንዲሁ የሚለቁ ማማዎች ነበሩ። ወረቀት ላይ ግን ሁሉም እንደነደደ ነው የሚቆጠረው። ስለዚህ ሳይለካ የተጻፈ ሪፖርት አላምንም።

ጥያቄ፦ ሳተላይት አያየውም?

መልስ፦ ባሕር ላይ ይቸገራል። ሳተላይት ሚቴንን የሚለየው ከታች ተንጸባርቆ በሚመለሰው የፀሐይ ብርሃን ነው፤ ውሃ ደግሞ አብዛኛውን ይውጠዋል። ፀሐይዋ ውሃው ላይ የምታብረቀርቅበትን ማዕዘን መጠበቅ አለበት። እኛ በአውሮፕላን፣ በድሮን ወይም በመርከብ ከማውጫው ነፋስ በሚሄድበት በኩል ሆነን እንለካለን። የነፋሱን ፍጥነት ከሳትን ውጤቱም አብሮ ይስታል።

ጥያቄ፦ መቀነሻውስ?

መልስ፦ ያረጀ ማሸጊያ መለወጥ፣ የሚለቀቀውን ጋዝ ሰብስቦ ወደ ቧንቧው መመለስ። የተሰበሰበው ይሸጣል። ኖርዌይ ለደኅንነት ካልሆነ በቀር ጋዝ ማቃጠልን ከከለከለች ቆይታለች።

ጥያቄ፦ የእኛው፣ የሶማሌ ክልሉ የካሉብ ጋዝስ?

መልስ፦ ደረቅ የብስ ስለሆነ ሳተላይትም ድሮንም በቀላሉ ያዩታል። ልኬቱ ከውሉ ጋር አብሮ ይጻፍ፤ ለኪውም ከአውጪው ኩባንያ ውጭ ይሁን።