የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ልጆቹን ያሞላቀቋቸው አያታቸው ናቸው?

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ የዓምዱ አዘጋጅ፣ ዕድሜዬ 38 ሲሆን የባንክ ሠራተኛ ነኝ። ከባለቤቴ፣ ከሁለት ልጆቼና ከ71 ዓመት እናቴ ጋር በአንድ ግቢ እንኖራለን። የ10 ወር ልጄ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ የመጣው እንግዳ ሁሉ ቢያቅፋት ዝም ትል ነበር፤ አሁን ግን ገና ቦርሳዬን ሳነሣ ጩኸቷን ትለቀዋለች። የ5 ዓመት ወንድሟ ደግሞ ከአክስቱ ልጅ ጋር እኩል ጭማቂ ቀድቼላቸው፣ የእሷ ብርጭቆ ቀጭንና ረጅም ስለሆነ ብቻ «ለእኔ ያነሰ ነው» ብሎ ያለቅሳል። ዓይኑ እያየ የእሱን ወደ ረጅም ብርጭቆ ስገለብጥለት «አሁን በዛ» ይለኛል። ባለቤቴ ሁለቱንም ያሞላቀቀቻቸው እናቴ ናት፣ የሰው ጠባይ ደግሞ በልጅነቱ ከተበላሸ አይቃናም ባይ ነው። እናቴም ራሷ ከጊዜ ወዲህ ቁልፍ ያስቀመጠችበትን ትረሳለች፣ ስም ይጠፋባታል፤ ዝምድና ስትቆጥር ግን እስከ ሰባት ቤት ድረስ አትሳሳትም። ልጆቼ እየተበላሹ ነው? እናቴስ እየጃጀች ይሆን?

መልስ፦ ባለቤትዎን ቅር አያሰኛቸው እንጂ፣ እናትዎ ከዚህ ክስ ነፃ ናቸው። የጻፉልን ነገር ሁሉ፣ ከቁልፉ ጉዳይ በስተቀር፣ ልጆቹ በዕድሜያቸው የሚጠበቅባቸውን እየሠሩ መሆናቸውን ያሳያል፤ ስለ ቁልፉም ኋላ እንመለስበታለን።

ከትንሿ እንጀምር። ስዊዘርላንዳዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ዣን ፒያዤ የገዛ ሦስት ልጆቹን ከአራስነታቸው ጀምሮ እየተከታተለ ይመዘግብ ነበር። የ5 ወር ሕፃን ሊይዘው የነበረ አሻንጉሊት በጨርቅ ሲሸፈንበት፣ ነገሩ ከነጭራሹ የጠፋ ይመስል ፊቱን ወደ ሌላ ያዞራል፤ 8 ወር ገደማ ሲሆነው ግን ጨርቁን ገልጦ ይፈልገዋል። በእርስዎም ቤት የሆነው ይኸው ነው። ቀደም ሲል እርስዎ ከዓይኗ ሲሰወሩ ነገሩ በዚያው ያልቅ ነበር፤ አሁን ግን በሩ ቢዘጋም እናቷ አንድ ቦታ እንዳለች ታውቃለች፣ የሚያስለቅሳትም ይህ ዕውቀት ነው። ከዚህ ጋር እንግዳን መፍራት ይመጣል፤ የመለየት ፍርሃቱም ከ10 ወር እስከ አንድ ዓመት ተኩል ባለው ጊዜ ከበረታ በኋላ ቀስ በቀስ ይረግባል።

በቤታችን «እቅፍ ለምዳለች፣ ተዋት ታልቅስ» የሚል ምክር አይጠፋም፤ እኔ በዚህ አልስማማም። ሜሪ ኤንስወርዝ የተባለችው ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ አጋማሽ በኡጋንዳ፣ በካምፓላ አቅራቢያ ባሉ መንደሮች፣ ወደ 26 ቤተሰቦች እየተመላለሰች ሕፃናትን ከእናቶቻቸው ጋር ትመለከት ነበር። እዚያ ያስተዋለችው ሕፃኑ ከእናቱ እየዳኸ ርቆ ዕቃ ሲነካካ፣ ጥቂት ቆይቶ ዞር ብሎ ሲያያት ወይም ተመልሶ ጉልበቷን ሲነካ፣ እንደገናም ሲሄድ ነው፤ እናቱ መነሻውም መመለሻውም ነበረች። እንግሊዛዊው ጆን ቦልቢ ስለ ሕፃናት ቁርኝት ያቀረበው ሐሳብ በገጠር አፍሪካ ቤቶች እንዲህ በዓይን ታየ። ቁርኝት ያለው ሕፃን የመራቅ ድፍረት የሚያገኘው የሚመለስበትን ስለሚያውቅ ነው፤ ስለዚህ የእናትዎ እቅፍ ልጅቷን ጥገኛ ያደርጋታል ብሎ መሥጋት አያስፈልግም። ይልቅ ብዙ ቤት የሚደረገውን፣ ሕፃኗን በሌላ ነገር አታልሎ በጓሮ በር ሹልክ ማለትን ይተዉት። እያለቀሰችም ቢሆን ተሰናብተዋት ይውጡ፣ ሲመለሱም መጀመሪያ እሷን ያንሷት፤ እንዲህ እየሆነ ሲደጋገም የሄደ እንደሚመለስ ትለምዳለች።

ወደ ብርጭቆው ስንመጣ፣ ልጅዎ ስስታም አይደለም። ከ2 እስከ 7 ዓመት ያሉ ልጆች፣ ፒያዤ እንደሚለው፣ በአንድ ጊዜ የሚፈርዱት ጎልቶ በሚታያቸው በአንዱ ነገር ነው፤ የጭማቂው ቁመት ከፍ ሲል የብርጭቆው መጥበብ ከሐሳባቸው ይወጣል። «አሁን በዛ» ያለውም ሊያታልልዎ ሳይሆን የሚያየውን ሲናገር ነው። እርግጥ ፒያዤ የሰጣቸው የዕድሜ ወሰኖች በየአገሩ እኩል አይሠሩም። እ.ኤ.አ. በ1969 የታተመ አንድ ጥናት እንዳሳየው በሜክሲኮ የሸክላ ሠሪዎች ልጆች፣ ጭቃ ሲድቦለቦልና ሲጠፈጠፍ እያዩና ራሳቸውም እየሠሩ ስላደጉ፣ ቅርፁ ቢለወጥ መጠኑ እንደማይለወጥ ከእኩዮቻቸው ቀድመው ተረድተዋል። እናም ክርክሩን ትተው ልጅዎን ማጀት ያስገቡት። ዱቄት በጣሳ እየሰፈረ ወደ ሰፌድ ይገልብጥ፣ ከሰፌዱም መልሶ ወደ ጣሳው ይጨምር፤ ስንት ቃል ቢነግሩት የማይገባውን እጁ ያስተምረዋል። እስከዚያው ድረስ ሁለት አንድ ዓይነት ብርጭቆ መግዛት ያዋጣል።

ባለቤትዎ «ከልጅነት በኋላ አይቃናም» ማለታቸው ብቻቸውን የያዙት ሐሳብ አይደለም፤ የሥነ ልቦና ሊቃውንትም ለረጅም ጊዜ ዋናው ነገር በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ያልቃል ብለው ያምኑ ነበር። ከእነዚሁ ሊቃውንት አንዱ የሆነው ኤሪክ ኤሪክሰን ግን እ.ኤ.አ. በ1950 ሕይወትን እስከ እርጅና በሚዘልቁ ስምንት ምዕራፎች ከፍሎ ሲያቀርብ፣ ጎልማሳውም ሽማግሌውም ገና የሚወጡት ነገር እንዳለባቸው ማሳየቱ ነበር። በእሱ አቆጣጠር በጎልማሳነት የሚመጣው ጥያቄ «ከእኔ በኋላ ለሚመጡት ምን አደርጋለሁ?» የሚለው ሲሆን፣ እርስዎ ወደዚያ እየተቃረቡ ነው። ዓመቶቹን ግን አጥብቄ አልይዛቸውም፤ ታናናሾቿን በ14 ዓመቷ ያሳደገች እኅት ባለችበት አገር ይህ ጥያቄ ጎልማሳነትን አይጠብቅም።

አሁን ወደ እናትዎ። እ.ኤ.አ. በ1956 በአሜሪካ ሲያትል ዋርነር ሼይ የጀመረው ጥናት ሰዎችን በየ7 ዓመቱ እየጠራ የአእምሮ ችሎታቸውን ሲመዝን ኖሯል። ቀድሞ የሚቀንሰው ፍጥነት ነው፤ የቃላት ዕውቀት ግን እስከ እርጅና ድረስ ብዙም ሳይነካ ይቆያል። እናትዎ ዛሬ የተዋወቁትን ሰው ስም እየረሱ ሰባት ቤት ቆጥረው አለመሳሳታቸው ከዚህ ጋር ይሄዳል። ሼይ ያስተዋለው ሌላው ነገር ለእኛ አገር ይበልጥ ይጠቅማል፦ ወጣትንና አዛውንትን በአንድ ቀን አስቀምጦ ማወዳደር የእርጅናን ጉዳት ያጋንናል፣ ምክንያቱም ሁለቱ በተማሩበት ዘመንም ይለያያሉ። ፊደል ባልቆጠሩ እናትና በባንክ ሠራተኛ ልጃቸው መካከል የሚታየው ልዩነት ሁሉ በዕድሜ የመጣ አይደለም።

መጠንቀቅ ያለብዎት ለሌላ ነገር ነው። ቁልፍ የት እንዳስቀመጡ መርሳት አንድ ነገር ነው፤ ቁልፉ ለምን እንደሚያገለግል ግራ መጋባት፣ ዘወትር ከሚሄዱበት ቤተ ክርስቲያን ወይም ገበያ መንገድ ጠፍቷቸው መቅረት፣ ለዓመታት የሠሩትን ወጥ ቅደም ተከተሉን ማጣት ግን ሐኪም ዘንድ የሚያስኬድ ነው። ከእነዚህ አንዱን ካዩ «እርጅና ነው» ብለው አይለፉት።

ካላዩ ደግሞ፣ ጀርመናዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ፖል ባልተስ ደጋግሞ ያነሣው የነበረውን የፒያኖ ተጫዋቹን የአርተር ሩቢንስታይንን ዘዴ ይዋሱ። ሩቢንስታይን 80 ዓመት ካለፈው በኋላ የሚጫወታቸውን ሥራዎች ቀነሰ፣ የቀሩትን አብዝቶ ተለማመደ፣ ፈጣኑ ክፍል ከመድረሱ በፊት ደግሞ ሆን ብሎ እያዘገመ የሚከተለውን ፈጣን አስመሰለው። በእናትዎ ቤት የዚህ አቻው በሩ አጠገብ፣ እጃቸው በሚደርስበት ከፍታ፣ አንድ ሚስማር መምታት ነው። ሚስማሩን የት እንደሚመቱት ግን እርሳቸው ይምረጡ፤ በልጆቻቸው የተመረጠላቸውን ቦታ ከመርሳታቸውም በላይ ይቀየሙበታል።