ለአሌክሳንድሪያዋ እህታችን፦ ሀስኪውን ከመስጠትሽ በፊት ሰመሩን እንዲህ ሞክሪው

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን አንብቤ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም፣ መልሴ ረዘም ቢል ታገሺኝ። ጥያቄውን ላላያችሁት ባጭሩ፦ እህታችን የምትኖረው እዚህ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው። ልጆቿ ለምነው ለምነው አንድ ዓመት ገደማ የሆነው ሀስኪ ውሻ አስገዟት። ትምህርት ቤት ከተዘጋ ወዲህ ውሻው ጓሮውን ይቆፍራል፣ ጫማ ያኝካል፣ እንግዳ ሲመጣ ደረት ላይ ይወጣል። ባለቤቷ "ውጭ ይታሰርና እንረፍ" ብሏል። አማቷ ከአዲስ አበባ እየመጡ ነው፣ እሳቸው ደግሞ ውሻ ይፈራሉ። በዚያ ላይ በጁላይ መጀመሪያ ለኢትዮጵያውያን የእግር ኳስ ዝግጅት ከከተማ ሊወጡ አስበዋል። "ምን ይሻለኛል? ለሰው ልስጠው?" ነው የምትለው።

አትስጪው፣ ገና ነው። እኔ እዚሁ ቨርጂኒያ ውሻ ሳሳድግ ብዙ ሰመር አልፏል፣ በየዓመቱም ከወዳጆቼ የምሰማው ይሄንኑ ስሞታ ነው። በብርዱ ወራት ጨዋ የነበረ ውሻ ጁን ሲገባ ይባልጋል። ውሻው ግን አልተለወጠም። ሀስኪ በቀዝቃዛ አገር በረዶ ላይ ሸክም እየጎተተ ረጅም መንገድ እንዲሮጥ የተዳቀለ ዝርያ ነው። አሁን ሙቀቱ ቤት ዘጋበት፣ ጉልበቱ ግን የትም አልሄደም፣ ጫማሽና ጓሮሽ ላይ ወጣ። ስለዚህ ሙቀቱንና ጥፋቱን ለየብቻ አትያቸው። አንዱን ስታስተካክዪ ሌላውም አብሮ ይቀንሳል።

መጀመሪያ ሰዓቱን ቀይሪ። የውሻሽ ቀን ፀሐይ ሳትከር ማለዳና ማታ ይሁን። ማለዳ ረዘም ያለ ጉዞ፣ ሌሎቻችሁ ሳትነሱ። ቀትር ላይ ለሽንት ብቻ፣ ሳር ላይ፣ ወጣ ብሎ መመለስ ነው። ማታም ቢሆን ፀሐይ ጠልቃለች ብለሽ አትቸኩዪ፣ አስፋልቱ ሙቀቱን ይዞ ይቆያል። አየሩ 77 ፋራናይት ሆኖ ፀሐይ ያረፈበት አስፋልት 125 ሊደርስ ይችላል። የእጅሽን ጀርባ መሬቱ ላይ አድርገሽ ሰባት ሰከንድ ቆዪ። ካልቻልሽ እሱም አይችልም። እኔ ሁልጊዜ የማደርገው ነው፣ ጎረቤት ቢያየኝም ግድ የለኝም።

አዲስ አበባ ያደግን ሰዎች የምንሳሳተው እርጥበቱ ላይ ይመስለኛል። እዚያ ፀሐዩ ቢያቃጥልም ጥላ ውስጥ ስትገቢ ይቀዘቅዝሻል። እዚህ ጥላውም ይወብቃል። ውሻ እንደኛ በመላ ሰውነቱ አያልበውም፣ በመዳፉ በኩል ትንሽ ከማላቡ በቀር ዋናው መቀዝቀዣው ማለክለክ ነው፣ ከምላሱና ከአፉ የሚተነው እርጥበት ነው የሚያቀዘቅዘው። አየሩ ራሱ በእርጥበት ከተሞላ ያ ትነት በደንብ አይሠራም። ስለዚህ የሙቀቱን ቁጥር ብቻ አይተሽ አትውጪ፣ እርጥበቱንም እዪ።

ቀን ቀን ቤት ውስጥ ምን ይሥራ? አፍንጫውን አሠሪው። ምግቡን በሳህን ማቅረብ ተዪና ልጆቹ በየክፍሉ ይደብቁለት፣ እያሸተተ ይፈልግ። ወይ ፎጣ ላይ በትነው ይጠቅልሉትና እሱ ይፍታው። መሐሉ ክፍት የሆነው የላስቲክ መጫወቻ አለ አይደል፣ እሱን በራሱ ምግብ ሞልተሽ ፍሪዘር ውስጥ አሳድሪው። ጠዋት ስትሰጪው እየላሰ ረጅም ሰዓት ይቆይልሻል። ሩብ ሰዓት ሲያሸት የቆየ ውሻ ድክም ብሎት ይተኛል፣ አይተሽው ትገረሚያለሽ። ልጆችሽም ሥራ ያገኛሉ፣ ሰመር ላይ "ደበረን" ከማለት ያርፋሉ።

ቁፋሮው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ቀዝቃዛ አፈር ፍለጋ ነው። ቆፍሮ ሆዱን እዚያ ላይ አድርጎ ሲተኛ አላየሽውም? ጥላ ያለበት አንድ ጥግ ምረጪና ያ የሱ ይሁን። አሸዋ ጨምሪበት፣ መጫወቻውን ቅበሪለት፣ እዚያ ሲቆፍር አመስግኚው። የልጆች የፕላስቲክ ገንዳ ትንሽ ውሃ ተደርጎበት አጠገቡ ቢቀመጥ ደግሞ የበለጠ ይወዳታል። ውሃ ወዳድ ባይሆን እንኳ እግሩን ይነክራል።

አንድ ነገር ልለምንሽ። ጸጉሩ በዛ ብለሽ እንዳትላጪው። የሀስኪ ጸጉር ድርብ ነው፣ ላይኛው ከፀሐይ ይከልለዋል፣ ከተላጨ ቆዳው ይቃጠላል፣ ጸጉሩም ተመልሶ እንደ ድሮው ላይበቅል ይችላል። የሚረዳው በየቀኑ ማበጠር ነው፣ የሚረግፈው የውስጠኛው ጸጉር ሲወጣለት አየር ያገኛል።

ወደ ባለቤትሽ ሐሳብ ልምጣ። ክፉ አስቦ እንዳልሆነ ይገባኛል። አገር ቤት ግቢ ጠባቂው ውሻ ቀን ታስሮ ውሎ ማታ ሲፈታ ነው ያየነው። እዚህ ግን መጀመሪያ ነገር ሕግ አለ። ቨርጂኒያ ውስጥ ሙቀቱ 85 ፋራናይትና ከዚያ በላይ ሲሆን ውሻን ውጭ አስሮ መተው የተከለከለ ነው፣ ጎረቤት ቢደውል መጥተው ይጠይቋችኋል። ሁለተኛ ደግሞ ታስሮ የሚውል ውሻ ጨዋ አይሆንም። የሚያልፈውን ሁሉ እያየ ሊደርስበት ስለማይችል ይናደዳል፣ ይጮኻል፣ ሲፈታ ይብስበታል። አማትሽ ሲመጡ የምትፈልጊው ይሄን አይደለም።

መኪና ውስጥ ትቶ መግባትንም ለልጆቹ ጭምር ንገሪያቸው። "ለእንጀራ ብቻ ነው፣ አሁን መጣሁ" የሚባለው ነገር። በ2005 የስታንፎርድ ተመራማሪዎች መኪና አቁመው ለክተው ነበር። ውጪው ሞቃት ባይሆንም የመኪናው ውስጥ በአንድ ሰዓት በአማካይ 40 ፋራናይት ያህል ጨመረ፣ አብዛኛው ጭማሪ ደግሞ በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ነው። መስኮት ትንሽ ከፈት ማድረግ ለውጥ አላመጣም። ሱቅ መግባት ካለብሽ ቤት ይቅር።

አሁን ዋናውን ልንገርሽ፣ ይሄን ማወቅ ነፍስ ያድናል። ባንድ ሰመር ፓርክ ውስጥ ሥጋ እየጠበስን አንድ ወዳጃችን ፍሬንች ቡልዶጉን ይዞ መጣ። አፍንጫቸው የተደፈጠጠ ዝርያዎች ሙቀት አይችሉም፣ መተንፈሻቸው ጠባብ ነው። ልጆቹ ኳስ ሲወረውሩለት ሮጠ፣ ሮጠ። ከዚያ ቁጭ አለና አልነሳም አለ። ምላሱ ጫፉ ሰፍቶ ተንጠልጥሏል፣ ለሃጩ ወፍሮ እንደ ክር ይጎተታል፣ ከንፈሩን ገለጥ ሳደርገው ድዱ ቀልቶ ጡብ መስሏል። ሊነሳ ሲሞክር የኋላ እግሮቹ ተንገዳገዱ። አንዱ "ተዉት፣ ደክሞት ነው፣ ይረፍ" አለ። ድካም አልነበረም። ጥላ ውስጥ አስገባነው፣ የቧንቧ ውሃ በሆዱና በብብቱ ላይ በደንብ አፈሰስንበት፣ አንድ ሰው በካርቶን እያራገበለት። ከዚያ ኤሲውን ከፍተን በቀጥታ ወደ ድንገተኛ የእንስሳት ሆስፒታል። ተረፈ፣ ተመስገን።

ቅደም ተከተሉን ያዢ፦ መጀመሪያ ማቀዝቀዝ፣ ከዚያ መውሰድ። ውሃ ማፍሰስና ማራገብ ነው የሚሠራው። እርጥብ ፎጣ አልብሶ መተው ሙቀቱን አፍኖ ይይዘዋል። ውሃ በግድ አፉ ውስጥ አትጨምሪ፣ ሊያንቀው ይችላል። የውሻ ጤነኛ ሙቀት ከ101 እስከ 102.5 ፋራናይት ነው፣ 104 ካለፈ አደጋ ነው። ደህና የሆነ ቢመስልሽም ውሰጂው፣ ምክንያቱም ኩላሊቱና ደሙ ላይ የደረሰው ጉዳት ዘግይቶ ሊታይ ይችላል። በየቤታችን ሳይቃጠል በቅጠል የምንለው ለዚህ ነው።

መዥገር። የኛ አካባቢ መዥገር "ላይም" (Lyme) የሚባል በሽታ ያስተላልፋል፣ ለውሻም ለሰውም። ከየጉዞው በኋላ ጆሮውን ከውስጥም ከጀርባም፣ የአንገት ማሰሪያው ሥር፣ ብብቱን፣ በጣቶቹ መሐል ዳብሺው። ምስር የሚያክል ነገር ከነካሽ ጸጉሩን ገለጥ አድርገሽ እዪ። በወረንጦ ቆዳው ጋ ተጠግተሽ ይዘሽ ቀጥ አድርገሽ ሳቢ። ክብሪት፣ ቫዝሊን፣ ነዳጅ፣ ይሄን ሁሉ ተዪ። በፍጥነት ከነቀልሽው የላይም በሽታን የማስተላለፍ ዕድሉ በጣም ይቀንሳል። ለመዥገርና ለቁንጫ የሚሰጠውን መድኃኒት፣ እንዲሁም ቢምቢ ለምታስተላልፈው የልብ ትል በየወሩ የሚሰጠውን ዓመቱን ሙሉ አታቋርጪ። የልብ ትል አንዴ ከያዘው ሕክምናው ረጅምም ውድም ነው፣ ውሻውንም ያሠቃያል። ሐይቅ ዳር ከሄዳችሁ ደግሞ አረንጓዴ ቀለም የፈሰሰበት የመሰለ ውሃ አይጠጣ፣ አይግባም። ሌክ አና ላይ በሰመር በተደጋጋሚ ማስጠንቀቂያ የሚወጣው በዚህ መርዛማ አልጌ ምክንያት ነው።

ወደ አማትሽ። ፍርሃታቸውን አትናቂው። አዲስ አበባ ላደገ ሰው የእብድ ውሻ በሽታ ወሬ ሳይሆን በሰፈር የሚታወቅ ነገር ነው። እዚህ ውሻ አራት ወር ሳይሞላው መከተብ እንዳለበት ሕግ መሆኑን ንገሪያቸው፣ የክትባቱን ወረቀት አሳዪያቸው። "አይነካዎትም፣ ይዳብሱት" እያላችሁ አታስጨንቋቸው። በሩ ሲንኳኳ ውሻው በገመድ ይያዝ። ሲዘል ሁሉም ፊቱን ያዙርበት፣ አራት እግሩ መሬት ሲነካ ብቻ ምስጋናና ትንሽ ምግብ ያግኝ። አንዱ "ተው!" እያለ ሌላው አቅፎ የሚያጫውተው ከሆነ መቼም አይማርም፣ ቤተሰቡ በሙሉ አንድ ሕግ ይያዝ። እሳቸው ከመምጣታቸው በፊት በየቀኑ ተለማመዱት። ለሕፃን የሚደረገውን የበር መከለያ ገዝተሽ ሳሎኑን ለያቸው፣ የሚጸልዩበት ክፍል ደግሞ ፈጽሞ አይገባ። ለሶላት ንጽሕና ሲሉ የውሻ ምራቅ እንዳይነካቸው የሚጠነቀቁ እንግዶች ካሉሽም ይኸው መከለያ ይረዳሻል። ቀስ እያሉ ከሩቅ አንድ ቁራሽ ቢወረውሩለት በራሳቸው ጊዜ ይለማመዱታል።

ከተላመዱት በኋላ ያለው ችግር ደግሞ ሌላ ነው፣ ጉርሻ። እናቶቻችን ለወደዱት ያጎርሳሉ። የኛ ወጥ ግን ያለ ሽንኩርት አይሠራም፣ ቀይም ነጭም ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ይጎዳል፣ ቢበስልም ያው ነው። በፍልሰታ ጾም ሽሮና ምስር ብቻ ነው ብለሽ እንዳትዘናጊ፣ ሽንኩርቱ እዚያም አለ። የዶሮ ወጥ አጥንት ተሰንጥቆ አንጀት ይወጋል። ዘቢብና ወይን፣ ቸኮሌት፣ ዛይሊቶል የሚባል የስኳር ምትክ ያለበት ማስቲካ፣ የቡና አተላም ጭምር ከሱ ይራቁ። "አትስጡት" ብቻ ካልሻቸው ቅር ይላቸዋል፣ ስለዚህ ቅመም ያልነካው የተቀቀለ ሥጋ በትንሽ ሳህን አስቀምጪላቸው፣ ከዚያ ያጉርሱት።

የእግር ኳሱ ጉዞ ላይ ነው ከሁሉ በላይ የምጨነቀው። ዝግጅቱ በየዓመቱ በአሜሪካ የነጻነት ቀን፣ ጁላይ 4 አካባቢ ነው የሚውለው፣ ርችቱም ያኔ ነው። ማለት፣ ውሻሽ በዓመቱ ከባዱን ሌሊት ከማያውቀው ሰው ጋር፣ በማያውቀው ቤት ያሳልፋል ማለት ነው። ሀስኪ ደግሞ ማምለጥ ያውቅበታል፣ አጥር ይዘላል፣ ከሥሩም ቆፍሮ ይወጣል። ከቻላችሁ አንዳችሁ ቅሩ። ካልሆነ የሚይዘው ሰው ቤት አስቀድማችሁ አንድ ሁለት ሌሊት አሳድሩት፣ ይልመድ። የውሻ ማደሪያ ከመረጣችሁ ቦታ ቶሎ ይሞላል፣ የሳል ክትባትም ይጠይቃሉ፣ ዛሬ ነገ አትበሉ።

ለሚይዘው ሰው ይሄን ጻፊለት፦ ሳይመሽ በደንብ አንሸራሽረው። ከመሸ በኋላ አጥር ባለው ጓሮም ቢሆን ያለ ገመድ አይውጣ። መስኮት ዝጋ፣ መጋረጃ ጣል፣ ቴሌቪዥንና ማራገቢያ ክፈት። ከአልጋ ሥር ከገባ አትጎትተው፣ ይቆይ። መቆጣትም አያስፈልግም፣ ፈርቶ ነው። በጣም የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ሐኪሙ የሚያዝለት መድኃኒት አለ፣ ግን ክሊኒኮቹ በዓሉ ሲቃረብ ስለሚጨናነቁ በዚህ ሳምንት ደውዪ። የሰው መድኃኒት ግን ፈጽሞ እንዳትሰጡት። ነሐሴ ላይ ቡሄ ሲከበር ጅራፍ የሚጮህበት ቦታም አትውሰዱት፣ ለሱ ያው ርችት ነው።

እና ማይክሮቺፑን ዛሬውኑ አረጋግጪ። ብዙ ሰው ቺፑ ውስጥ ስልኩ ያለ ይመስለዋል። ቺፑ ላይ ያለው መለያ ቁጥር ብቻ ነው፣ ስልክሽ ያለው የቺፑ ድርጅት መዝገብ ላይ ነው። የሸጠላችሁ ሰው ስልክ እስካሁን እዚያ ተመዝግቦ ከሆነ ውሻው ቢጠፋ የሚደወለው ለሱ ነው። በአንገቱ ማሰሪያ ላይም ስልክሽን አስቀርጪ፣ የምትጓዙ ከሆነ የሚይዘውን ሰው ስልክ ጨምሪበት። የምትሄዱበትን ቀን ስትወስኑ እዚሁ ጻፊልኝ፣ ከተማ ውስጥ ከሆንኩ እኔ ጋ ማደር ይችላል።