ገናን ሁለቴ አንብቡት

ልጆቼ፣ አማርኛ ሳስተምር ኖሬ ጡረታ ከወጣሁ በኋላም ወጣቶች አንድ ነገር ይጠይቁኛል። «ቅኔ ሲነገር ወርቁ፣ ማለትም ውስጠኛው ፍቺ፣ ለምን አይታየንም?» ይሉኛል። ችግራችሁ ወርቁ አይመስለኝም። ሰሙን፣ ላይ ላዩን የሚሰማውን ፍቺ፣ እየዘለላችሁት ነው።

ይቺን ስሙ። ለክፍል ብዬ ራሴ የገጠምኳት ናት።

ጠላው ተጠመቀ፣ ዳቦው ተደፋና፤
ደጅ ደጁን አያለሁ፣ አልደረሰም ገና።

መጀመሪያ ሰሙን ብቻ ያዙ። ድግሱ ተሰናድቷል፣ ግጥሙን የምትናገረው ሴት የገናን በዓል ትጠብቃለች። ቀጥላችሁ የማይገጥም ነገር ፈልጉ። በዓል ቀኑን ጠብቆ ይመጣል እንጂ በር አያንኳኳም። ታዲያ ደጅ ደጁን ማየት ምን አመጣው? ያቺን የምትቆረቁር ቃል ይዛችሁ «ገና»ን እንደገና በሉት። «ና» ሲጠብቅ በዓሉ ነው። ሲላላ ደግሞ «እስካሁን» ማለት ነው። ያልደረሰው በዓሉ ሳይሆን ሰው ነው። ኅብር የምንለው ይሄ ነው፤ አንድ ቃል ሁለቱንም ተሸክሟል።

ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አይጽፍም። ለጀማሪ አንባቢ ያስቸግራል፤ ለባለቅኔ ግን ሲሳይ ነው። «ዋና» ሲላላ ወንዝ ውስጥ ነው፣ ሲጠብቅ የነገሩ እምብርት ነው። ስለዚህ ዓይን ብቻውን አይበቃም። ድምፅ አውጥታችሁ፣ አንዴ አጥብቃችሁ፣ አንዴ አላልታችሁ ሞክሩት።

ሁሉም ግን ቃል አይደብቅም። «ዕፀ በለስ በልቶ አዳም ከንፈርሽ፣ መድኃኔዓለም ልቤ ተሰቀለልሽ» የሚለውን የቆየ ግጥም ውሰዱ። እዚህ ሰሙም ወርቁም በግልጽ ጎን ለጎን ቆመዋል። አዳም ከከንፈሯ፣ መድኃኔዓለም ከልቡ ጋር ተጣምሯል። እንዲህ ያለው ላይ የተደበቀ ቃል ስትፈልጉ አትዋሉ።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ እለምናችኋለሁ፤ ወርቅ በግድ አትፍጠሩ። ወጣት መምህር ሳለሁ አንድ የሠርግ ዘፈን ላይ «ወርቅ አገኘሁ» ብዬ ግማሽ ክፍለ ጊዜ አብራራሁ። አንድ ተማሪ እጁን አውጥቶ «መምህር፣ ታዲያ ሁለተኛው ስንኝ ምን ይሠራል?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። አሁን ድረስ አልረሳውም። አንጥረኛው መጀመሪያ ሰሙን ይቀርጽና በጭቃ ይሸፍነዋል። ሰሙ ቀልጦ ሲወጣ ወርቁ እዚያው ቅርጽ ውስጥ ይፈስሳል። ከሰሙ ቅርጽ የሚተርፍ ወርቅ የለም። ያገኛችሁት ፍቺ አንዲት ቃል እንኳ ሥራ ፈት ካደረገ፣ ገና አልፈታችሁትም።

ያቺን የገና ግጥም ሰሌዳ ላይ የጻፍኩ ቀን ክፍሉ ጸጥ አለ። አንዲት ልጅ «ጋሼ፣ ያንብቡልን» አለችኝ። እምቢ አልኳት። ካነበብኩት ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ይኖርብኛላ። እሷም ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ለራሷ ትለው ጀመር። አንዴ አለችው፣ ደገመችው። ከዚያ እጇን አፏ ላይ አድርጋ «ውይ፣ እናት ናት እኮ!» አለች።