ደብረ ብርሃን ላይ የሚከራይ ቤት፦ ካርታው በማን ስም ይውጣ?

ወንድሜ፣ ከእህትህ ጋር አዋጥታችሁ ደብረ ብርሃን ላይ የሚከራይ ቤት ስትገዙ ካርታው በማን ስም ይሁን ላልከው፣ በአንድ ሰው ስም ብቻ እንዳታደርጉት! ብትተማመኑም፣ ነገ ሞት ወይም ፍቺ ሲመጣ ስሙ ካርታው ላይ የሌለ ሰው ገንዘብ ማዋጣቱን ለማስረዳት ፍርድ ቤት ለፍርድ ቤት ይንከራተታል፤ በዚህ ምክንያት የተቆራረጡ ወንድማማቾች አውቃለሁ፣ ያሳዝናል። በሁለታችሁ ስም ይሁን። ድርሻችሁም በጽሑፍ ይቀመጥ። አንዳችሁ ድርሻውን ለውጭ ሰው ልሽጥ ቢል፣ ሕጉ ለሌላው ቅድሚያ ይሰጣል። ቤቱን በስሙ የሚይዝ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማህበር (ኩባንያ) ማቋቋምም ይቻላል፤ ግን ፈቃዱ፣ ሒሳብ መያዙ ጣጣ አለው፣ ለአንድ ቤት አልመክርም። ደግሞ መሬቱ የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ ይዞታው ሊዝ (ለተወሰነ ዘመን ከመንግሥት በክፍያ የተያዘ መሬት) ከሆነ ቀሪ ዕዳውን ከማዘጋጃ ቤት ሳታጣሩ ቀብድ እንዳትሰጡ።