«የተበላሸ» ነው ወይስ «መንማኝ»?

ጥያቄ፦ የሁለተኛ ዲግሪ የሒሳብ ተማሪ ነኝ። አኅጽሮተ ጥናቴን በአማርኛም ለማቅረብ ስለፈለግሁ «የተበላሹ ፓራቦሊክ ዲፈረንሻል እኩልዮሾች መፍትሔዎች በመጨረሻ የሚኖራቸው ባሕርይ» የሚል ርእስ አውጥቻለሁ። «የተበላሹ» ያልሁት «ዲጄኔሬት» የሚባሉትን ነው። ጓደኞቼ አልተቀበሉትም፤ «የዘቀጡ» ብል ደግሞ ስድብ መሰለኝ። ምን ይሻላል? የቀረውስ ልክ ነው?

መልስ፦ ጓደኞችዎ እውነት አላቸው። የተበላሸ ነገር ትናንት ደህና የነበረ ነው፤ ወተት ይበላሻል፣ ሰዓት ይበላሻል። እርስዎ የሚያጠኑት እኩልዮሽ ግን ከመጀመሪያውም ጉድለት የለበትም። ስለዚህ መጀመሪያ የሚሠራውን እንይ።

ሙቀት በብረት ዘንግ ውስጥ እንዴት እንደሚዛመት የሚገልጸው የተለመደው እኩልዮሽ የማሰራጨት አቅሙ የትም ቦታ አንድ ነው። በስሌቱ መሠረት አንዱን ጫፍ ሲያሞቁት ሌላው ጫፍ፣ በጣም በጥቂቱም ቢሆን፣ ወዲያው ይሞቃል። ጋዝ በአፈር ቀዳዳዎች ውስጥ ሲሰርግ ግን አቅሙ የሚወሰነው በራሱ በጋዙ መጠን ነው፤ ጋዙ ሲሳሳ አቅሙም ይሳሳል፣ ጋዝ በሌለበት ዜሮ ይሆናል። «ዲጄኔሬት» የሚባለውም ለዚህ ነው። ደረቅ መደብ ላይ አንድ ጣሳ ውሃ ደፍተው ቢመለከቱ እርጥቡን ከደረቁ የሚለይ ጥርት ያለ ጠርዝ እየተንፏቀቀ ሲሄድ ያያሉ። የእርስዎ እኩልዮሽ መፍትሔም እንዲህ ያለ ጠርዝ አለው።

ለዚህ «መነመነ» የሚለውን ግሥ እመርጣለሁ። ከሳ፣ መነመነ እንላለን፤ ተስፋም ይመነምናል። ነገር ግን «የመነመነ» አይበሉ፤ ያ ያለቀለት ነገር ነው። እኩልዮሹ አቅም የሚያጣው መጠኑ ዜሮ በሆነበት ቦታ ብቻ ነው፣ በሌላው ቦታ ብርቱ ነው። ከ«ለመነ» «ለማኝ» እንደሚወጣ ሁሉ ከ«መነመነ» «መንማኝ» ይወጣል፤ መመንመን ልማዱ የሆነ ማለት ነው። ቃሉ ለአንባቢ አዲስ ስለሚሆን መጀመሪያ በሚጠቀሙበት ቦታ «ዲጄኔሬት»ን ከጎኑ ያስፍሩለት።

ከዚህ ይልቅ ያሳሰበኝ «በመጨረሻ» ያሉት ነው። የእርስዎ ጊዜ መጨረሻ የለውም። የሶቪየት ሳይንቲስቶቹ ዜልዶቪችና ኮምፓኔዬትስ እ.ኤ.አ. በ1950፣ ባረንብላት ደግሞ በ1952 ለዚህ የጋዝ እኩልዮሽ ያገኙትን መፍትሔ ይውሰዱ። በአንድ አቅጣጫ ብቻ ሲሰርግና በእኩልዮሹ ውስጥ የጋዙ መጠን አርቢ 2 ሲሆን ጠርዙ የሚርቀው በጊዜው ሣልሳዊ ዘር ልክ ነው፤ በ1ኛው ሰዓት 1 ክንድ ከደረሰ 2 ክንድ የሚሞላው በ8ኛው፣ 3 ክንድ የሚሞላው በ27ኛው ሰዓት ነው። እየዘገየ ይሄዳል እንጂ አይቆምም። የሒሳብ ሊቃውንቱ ፍሪድማንና ካሚን በ1980 እንዳረጋገጡት፣ መነሻው ምንም ዓይነት ቅርጽ ይኑረው፣ አጠቃላይ መጠኑ የተወሰነ እስከሆነ ድረስ መፍትሔው እያደር ወደዚሁ የባረንብላት መልክ ይጠጋል። ይጠጋል ነው የምለው፣ ደረሰ አይባልም። አማርኛ ለዚህ «እያደር» እና «ውሎ አድሮ» የሚሉ ግሩም ቃላት አሉት። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ሲባል የመጥራቱ ሂደት እንጂ የሚያበቃበት ሰዓት አልተነገረም። «ውሎ አድሮ» ደግሞ የረጋ አነጋገር ስለሆነ ባለቤቱ ብዙ ቢሆንም «ውለው አድረው» አይባልም። ድንበሩ ላይ መጠኑ ሁልጊዜ ዜሮ በሆነ ውስን ቦታ ውስጥ የሚካሄደው «ፈጣን ሥርጭት» (መጠኑ ሲሳሳ የማሰራጨት አቅሙ የሚጨምርበት ተቃራኒው ዓይነት) ግን በተወሰነ ሰዓት ጨርሶ ይጠፋል፤ «በመጨረሻ» ለእሱ ይስማማዋል።

«ባሕርይ»ም ቢቀር ይሻላል፤ ከነገሩ ጋር የተፈጠረ፣ የማይለወጥ ነገር ነው የሚያመለክተው። የእርስዎ መፍትሔ የመነሻ ቅርጹን ጥሎ ሌላ ይይዛል፤ ይህ «መልክ» ነው። «ፓራቦሊክ»ን፣ «ዲፈረንሻል»ን እና «መፍትሔ»ን አይንኩ፣ ተለምደዋል። እንግዲህ እኔ ብሆን «የመንማኝ ፓራቦሊክ ዲፈረንሻል እኩልዮሾች መፍትሔዎች ውሎ አድሮ የሚይዙት መልክ» ብዬ እጽፈው ነበር።