ሪባን፣ ጥብጣብ ወይስ መቅዘፊያ?

ጥያቄ፦ ጅማ የባዮሎጂ መምህር ነኝ። በጥልቅ ውቅያኖስ የሚኖረውን፣ እንደ ሪባን የረዘመውን ዓሣ በአማርኛ ምን ልበለው? አንድ ትርጉም ላይ «መቅዘፊያ ዓሣ» ተብሎ አይቻለሁ፤ ተማሪዎቼ ግን «ሪባን ዓሣ» ይሉታል።

መልስ፦ መምህር፣ «ጥብጣብ ዓሣ» ይበሉት።

«መቅዘፊያ» የሚሉት ወገኖች የእንግሊዝኛውን ስም «ኦርፊሽ»ን (oarfish፣ «የመቅዘፊያ ዓሣ») ተከትለው ነው። ከዓሣው ሆድ በኩል የሚወርዱት ሁለት ቀጫጭን ክንፎች ጫፋቸው ሰፋ ስላለ በመቅዘፊያ ተመስለዋል። ዓሣው ግን በእነሱ አይቀዝፍም፤ ገላውን ቀጥ አድርጎ፣ ጀርባውን ከዳር እስከ ዳር የያዘውን ቀይ ክንፍ እያርገበገበ ነው የሚሄደው። «መቅዘፊያ»፣ እንደ «መጥረጊያ» እና «መክፈቻ»፣ የመሣሪያ ስም ነው። ግልገል ጊቤ ላይ ጀልባ የሚነዳ ሰው «መቅዘፊያዬን አቀብለኝ» ሲል የሚሠራበትን እንጨት ማለቱ ነው። የማይቀዘፍበትን አካል በመቅዘፊያ ስም መጥራት አይዋጥልኝም።

«ጥብጣብ»፣ ማለትም የጨርቅ ሪባን፣ ሥሩ ይስበኛል። በግእዝ «ጠብጠበ» ገረፈ፣ «ጥብጣቤ» ደግሞ ጅራፍ ነው። ጅራፍ የቆዳ ጠፍር ነውና ስሙ ከጠፍሩ ወደ ጨርቁ የተሻገረ ይመስለኛል። ይህ ዓሣ ደግሞ እስከ 8 ሜትር የተለካ፣ ቅርፊት የሌለው፣ ብርማ ገላ አለው፤ ቀዩ ክንፍ በጠርዙ ሲሄድ ሂርማታ ገበያ የተዘረጋ ባለ ቀይ ጥለት ነጠላ ያስመስለዋል። (ለነገሩ «ጥለት ዓሣ» ብንለውም አልጠላም።)

ተከራካሪዬ አንድ ነገር ሊያነሳብኝ ይችላል፤ ስም የግድ እውነት መናገር የለበትም። ልክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1772 አስካኒየስ የተባለው ሊቅ በኖርዌይ ከተገኘ ዓሣ ተነስቶ ያወጣለት ሳይንሳዊ ስም «የሄሪንግ ንጉሥ» ከሚለው አጠራር የመጣ ነው (ሄሪንግ ትንሽ የባሕር ዓሣ ነው)፤ ዓሣው ግን ከሄሪንግ ወገን አይደለም። እንዲያም ሆኖ ስሙ ጸንቷል። እኔ ግን በራሳችን ቋንቋ አዲስ ስም ስናወጣ የሌላውን ስሕተት አብረን እንድናስገባ አልፈልግም።

«ሪባን»ን በተመለከተ፣ ሳልወድ እቀበለዋለሁ። ምረቃ ላይ «ሪባን ተቆረጠ» ሲባል እንጂ «ጥብጣብ ተቆረጠ» ሲባል ከሰማሁ ቆይቻለሁ። ልብስ ሰፊዎቹም ከአረጋውያኑ በቀር ቃሉን ትተውታል። ተማሪዎችዎ «ሪባን ዓሣ» ብለው ቢጽፉ ነጥብ አይቀንሱባቸው። «ዓሣ»ን ግን በዐይኑ «ዓ» እና በንጉሡ «ሣ» እንዲጽፉ ያድርጉልኝ።